የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያልተለወጠው ዕቃ ለምን «ተሻሻለ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ገጽ አዘጋጅ። በድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ለሚገኝ አንድ የጅምላ መደብር የሽያጭ መመዝገቢያ ሥርዓት በጃቫ ሠርቼ ካስረከብኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ሲሆን፣ በጃቫውና በዳታቤዙ መካከል ሆኖ የሚያገናኘው ሃይበርኔት ነው። ደረሰኝ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ በደረሰኙ ላይ የሚሰፍሩት ዕቃዎች ደግሞ የራሳቸው አላቸው። ባለፈው ወር የመደብሩ ኦዲተር የለውጥ መከታተያውን ሰንጠረዥ ከፍቶ ካየ በኋላ፣ «እያንዳንዱ ዕቃ በተመዘገበበት ቅጽበት መልሶ የሚሻሻለው ለምንድን ነው? ደረሰኝ የሚነካካ ሰው አለ ወይ?» እያለ ካሸሮቹን ማፋጠጥ ጀመረ። ሎጉን (ወደ ዳታቤዙ የተላኩ ትዕዛዞች መዝገብ) ከፍቼ ስመረምር 40 ዕቃ ላለው አንድ ደረሰኝ 41 ኢንሰርት (አዲስ ረድፍ ማስገቢያ ትዕዛዝ) እና 40 አፕዴት (የነበረ ረድፍ ማሻሻያ ትዕዛዝ) አገኘሁ። አፕዴቱ የሚጽፈው የደረሰኝ ቁጥር ደግሞ ኢንሰርቱ አስቀድሞ የጻፈው ያው ቁጥር ነው። በደረሰኙ ክላስ ውስጥ የዕቃዎቹን ዝርዝር ዋን ቱ ሜኒ (አንድ ለብዙ) ብዬ ጆይን ኮለም፣ ማለትም ሁለቱን ሰንጠረዦች የሚያያይዘውን ዓምድ ሰጥቼዋለሁ፤ በዕቃው ክላስ ውስጥም ደረሰኙን ሜኒ ቱ ዋን (ብዙ ለአንድ) ብዬ በጆይን ኮለም ያንኑ ዓምድ ጠቅሻለሁ። አንዱ ባልደረባዬ ሰርቨሩን እንድናሳድግ፣ ሌላው ደግሞ ከደረሰኙ ላይ ጆይን ኮለሙን እንዳነሳ መክረውኛል። የቱ ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ካሸሮቹን ነፃ እናውጣቸው። ደረሰኙን የሚነካካው ሃይበርኔት ነው፤ እሱም ቢሆን ያደረገው እርስዎ ያዘዙትን ነው።

ነገሩን ለመረዳት በጃቫው ዓለምና በዳታቤዙ ዓለም መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። በጃቫው በኩል ደረሰኙ ዕቃዎቹን በዝርዝር ይዟል፣ እያንዳንዱ ዕቃም ወደ ደረሰኙ ይጠቁማል፤ ስለዚህ ዝምድናው ከሁለት አቅጣጫ ይታያል። በዳታቤዙ በኩል ግን ዝምድና ማለት በዕቃው ሰንጠረዥ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዓምድ፣ ማለትም ፎሪን ኪይ ብቻ ነው። እርስዎ በሁለቱም ክላሶች ላይ ጆይን ኮለም ሲጽፉ፣ ይህ አንድ ዓምድ የሁለት ዝምድናዎች ንብረት እንደሆነ ለሃይበርኔት ነግረውታል። ሃይበርኔት ሁለቱ ዝምድናዎች አንድ መሆናቸውን በራሱ አይገምትም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለቤት እንዳላቸው ቆጥሮ ሁለቱንም በታማኝነት ይጽፋል።

ሦስት ዕቃ፣ ማለትም ዘይት፣ ሩዝና ሳሙና ያለበትን ቁጥሩ 1207 የሆነ ደረሰኝ እንውሰድና በሎጉ ላይ የሚታየውን ቅደም ተከተል እንከተል። መጀመሪያ ደረሰኙ ይገባል። ቀጥሎ ዘይቱ፣ ሩዙና ሳሙናው ተራ በተራ ይገባሉ፤ ሦስቱም ወደ ደረሰኙ ስለሚጠቁሙ በደረሰኝ ቁጥር ዓምዳቸው ላይ 1207 ተጽፎባቸው ነው የሚገቡት። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። ሆኖም ሃይበርኔት ኢንሰርቶቹን ከጨረሰ በኋላ ወደ ዝርዝሮች ፊቱን ያዞርና፣ በደረሰኙ ላይ ያለው ዝርዝር አዲስ መሆኑን ሲያይ የዝርዝሩን ዝምድና ለመጻፍ ሦስት አፕዴት ይልካል፦ የዘይቱን የደረሰኝ ቁጥር 1207 አድርግ፣ የሩዙን 1207 አድርግ፣ የሳሙናውን 1207 አድርግ። በዓምዱ ላይ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ በእሱ መዝገብ የዝርዝሩ ዝምድና ገና አልተጻፈምና።

መፍትሔው ከሁለቱ አንዱ ባለቤትነቱን እንዲለቅ ማድረግ ነው። ፎሪን ኪዩ ያለው በዕቃው ሰንጠረዥ ላይ ስለሆነ ባለቤቱ ዕቃው ሊሆን ይገባል። በደረሰኙ ክላስ ላይ ያለውን ጆይን ኮለም ያንሱና በምትኩ በዋን ቱ ሜኒው ውስጥ ማፕድ ባይ (ባለቤቱ በዚያኛው በኩል ነው ማለት ነው) ብለው፣ በዕቃው ክላስ ውስጥ ወደ ደረሰኙ የሚጠቁመውን የጃቫ ተለዋዋጭ ስም ይጻፉ። ብዙዎች እዚህ ላይ የዳታቤዙን ዓምድ ስም ይጽፉና ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ስህተት እየሰጠ ያስቸግራቸዋል፤ የሚፈለገው የጃቫው ስም ነው። ከዚያ በኋላ ባለ 40 ዕቃው ደረሰኝ 41 ኢንሰርት ብቻ ይሆናል፣ አፕዴቱም ይጠፋል።

ይህን ሲያደርጉ ግን አንድ ልማድዎን መቀየር ይኖርብዎታል። ከእንግዲህ ሃይበርኔት ዝምድናውን የሚያነበው ከዕቃው በኩል ብቻ ነው። ዕቃውን በደረሰኙ ዝርዝር ውስጥ ጨምረው የዕቃውን ደረሰኝ ሳይሞሉ ከተዉት፣ ዓምዱ ባዶ መሆን የሚፈቀድለት ከሆነ ዕቃው ያለ ደረሰኝ ቁጥር ይመዘገባል፤ ካልተፈቀደለትም ዳታቤዙ ይመልስብዎታል። ስለዚህ በደረሰኙ ክላስ ውስጥ «ዕቃ ጨምር» እና «ዕቃ አውጣ» የሚሉ ሁለት ሜተዶች ያዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ዕቃውን ወደ ዝርዝሩ ጨምሮ በዚያው የዕቃውን ደረሰኝ ይሙላ፣ ሁለተኛውም ሁለቱን በአንድነት ያፍርስ። ዝርዝሩን በቀጥታ ለውጭ አሳልፎ የሚሰጥ ሜተድ ባይኖር ይመረጣል።

ወደ ባልደረቦችዎ ምክር ስንመለስ፣ ሰርቨር ማሳደጉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ይወስድዎታል። ማፕድ ባይ ሳይጽፉ ጆይን ኮለሙን ብቻ ቢያነሱት ሃይበርኔት ዝምድናውን የሚያስቀምጥበት ሦስተኛ ሰንጠረዥ ይጠብቃል። ያን ጊዜ 40 አፕዴቶቹ በ40 ተጨማሪ ኢንሰርቶች ይተካሉ፤ ከዚያም በላይ የዕቃው ደረሰኝ በሁለት ቦታ ስለሚመዘገብ አንድ ቀን ሁለቱ መዝገቦች ሳይስማሙ ቢገኙ የትኛውን እንደሚያምኑ ይቸገራሉ። ይህ ልማድ ከቀድሞው የመጣ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ዋን ቱ ሜኒ ያለ ሦስተኛ ሰንጠረዥ፣ በጆይን ኮለም ብቻ እንዲሠራ ጄፒኤ የሚባለው የጃቫና የዳታቤዝ ማገናኛ መመዘኛ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሁለተኛ ዕትሙ ነው።

ዕቃው ስለ ደረሰኙ ምንም እንዳያውቅ የሚያስገድድ ምክንያት ያላቸው አንባቢያንም አይጠፉም። ለእነሱ ከደረሰኙ በኩል ባለው ጆይን ኮለም ላይ ነለብልንም (ባዶ መሆን ይችላል) አፕዴተብልንም (መሻሻል ይችላል) ፎልስ፣ ማለትም «አይ» ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥሩ ገና በኢንሰርቱ እንዲገባ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ተከታዩን አፕዴት ያስቀራል። ዋጋው አንድን ዕቃ ከአንድ ደረሰኝ ወደ ሌላ ደረሰኝ ማዛወር አለመቻሉ ነው፤ ለሽያጭ ደረሰኝ እንዲያውም ተገቢ ክልከላ ይመስለኛል። የእኔ ምርጫ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ወላጅ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሊኖሩት የሚችል ከሆነ ዝርዝሩን ጨርሶ አለመያዝና ልጆቹን ሲያስፈልጉ በወላጁ ቁጥር ፈልጎ ማምጣት ይሻላል። የደንበኛና የደረሰኞቹ ዝምድና እንዲህ ያለ ነው።

«ተመሳሳዩን ቁጥር መልሶ መጻፍ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ካጋጠመዎት መልሱ እንደ ዳታቤዙ ይለያያል። ማይኤስኪውኤል ዋጋው ያው መሆኑን ሲያይ ረድፉን ሳይነካው ያልፍና፣ አንድ ረድፍ ተገኝቷል፣ የተለወጠ ግን የለም ብሎ ይመልሳል። ፖስትግሬስ ግን እንዲህ አያወዳድርም፤ ማንኛውም አፕዴት የረድፉን አዲስ ቅጂ ያስጽፈዋል፣ አሮጌው ቅጂም ቫኪዩም የሚባለው የፖስትግሬስ ጽዳት መጥቶ እስኪጠርገው ድረስ ቦታ ይዞ ይቆያል። መደብሩ በቀን 200 እንዲህ ያሉ ደረሰኞች ቢቆርጥ 8,000 የሞቱ ረድፎች በየቀኑ ይከማቻሉ ማለት ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከመጥፎም የተሻለው መጥፎ ነው፤ ቁጥሩ ስለማይለወጥ በገጹ ላይ ቦታ እስካለ ድረስ ኢንዴክሶቹ (የፍለጋ ማውጫዎቹ) አይነኩም። ከደረሰኙ በኩል ብቻ ዝምድና ያበጁ ሰዎች ግን ዕቃውን መጀመሪያ ያለ ቁጥር ያስገቡና ቀጥሎ ቁጥሩን ይሞላሉ፤ ያ ዓምድ ኢንዴክስ ካለው፣ ሊኖረውም ይገባል፣ የሰንጠረዡ ኢንዴክሶች ሁሉ አዲስ መግቢያ ይጻፍባቸዋል። በዚህ ላይ ፕሮግራሙ ድሬዳዋ፣ ዳታቤዙ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ ቢሆንና አንዱ ምልልስ 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ አንድ በአንድ የሚላኩ 40 አፕዴቶች ካሸሩን ለ800 ሚሊሰከንድ ያስጠብቁታል።

ፖስትግሬስ ከ8.4 ዕትሙ ጀምሮ ምንም ያልለወጠን አፕዴት የሚያስቀር ዝግጁ የትሪገር (ረድፍ ሲነካ በራሱ የሚነሣ ትዕዛዝ) ፈንክሽን አለው። ለእርስዎ ጉዳይ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ትዕዛዙ መንገዱን ተጉዞ መድረሱ አይቀርም፣ ሃይበርኔትም አንድ ረድፍ ተሻሽሏል የሚል መልስ ሲጠብቅ ዜሮ ቢመጣለት ስህተት ነው ብሎ ሊያቆም ይችላል። ለኦዲተሩ ሲባል ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችለው ሌላ ነው፦ መከታተያውን የሚጽፈው ትሪገር የረድፉ አሮጌና አዲስ ይዘት ሲለያዩ ብቻ እንዲሠራ ዌን የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ይጨምሩበት። ያለፈውንም መዝገብ በዚሁ መንገድ ቢያጣሩት አሮጌውና አዲሱ አንድ የሆኑት ረድፎች ተለይተው ስለሚወጡ፣ ካሸሮቹ ንጹሕ መሆናቸውን ለኦዲተሩ በእጁ ማስያዝ ይቻላል።

ማፕድ ባይን ከጻፉም በኋላ አፕዴት ካዩ ምክንያቱ ከዝምድናው ውጭ ነው። ሃይበርኔት ረድፉን ሲያነብ ቅጂውን ይይዛል፣ ትራንዛክሽኑ ሊዘጋ ሲልም የያዘውን ቅጂ አሁን ካለው ጋር ያነጻጽራል። እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሙሉ ያሳደደኝ ችግር የአንድ ጌተር (ዋጋን የሚመልስ ሜተድ) ሥራ ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል፤ ጌተሩ የደንበኛውን ስም ከመመለሱ በፊት በዳርና ዳሩ ያለውን ክፍት ቦታ ይቆርጥ ነበር። ሃይበርኔት ዋጋውን በጌተሩ በኩል እንዲያነብ ስለተደረገ፣ በስሙ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ያለበት ደንበኛ በተከፈተ ቁጥር ስሙ እንደተለወጠ ይቆጠር ነበር። ማንበብ ብቻ በሚገባው ገጽ ላይ አፕዴት ማየት ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ እኔ በሐረር ከተማ ለአንድ የቡና ማከማቻ የምሠራ የፕሮግራም ባለሙያ ነኝ። የምጠቀመው ፓይተንና፣ እንደ ሃይበርኔት ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘኝን ጃንጎን ነው። አንድ ቡና አቅራቢ ስልኩን ሲቀይር ሎጉ ላይ የአቅራቢው ዓምዶች በሙሉ እንደገና ተጽፈው አያለሁ። በቅርቡም በሁለት ስም ተመዝግቦ የነበረን አንድ አቅራቢ ወደ አንድ ለማምጣት 300 ጭነቶችን በሉፕ እየዞርኩ አቅራቢያቸውን ቀይሬ ሴቭ ሳደርግ 300 አፕዴት ሆነ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ በትክክለኛው አቅራቢ የተመዘገቡ ነበሩ። በጃንጎም ባለቤቱን የመምረጥ ጉዳይ አለ? (ከሐረር)

መልስ፦ በጃንጎ ፎሪን ኪይ የሚጻፈው ምንጊዜም በልጁ ሞዴል ላይ ስለሆነ ከላይ ያየነው የሁለት ባለቤት ግጭት አያጋጥምዎትም። የእርስዎ ችግር ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። ሃይበርኔት ሲያነብ የነበረውን ዋጋ ይይዛል፤ ጃንጎ ግን አይይዝም፤ ሴቭ ሲባል የትኛው ዓምድ እንደተለወጠ ስለማያውቅ ሁሉንም ይጽፋል። ጉዳቱ ከፍጥነትም ያልፋል። አንዱ ሠራተኛ የአቅራቢውን ስልክ፣ ሌላው በዚያው ደቂቃ የባንክ ሒሳቡን ቢያርሙ፣ ኋላ ሴቭ ያደረገው ሰው ገጹን ሲከፍት ያነበበውን አሮጌ ስልክ መልሶ ይጽፍበታል።

ለዚህ ከ1.5 ዕትም ጀምሮ ለሴቭ አፕዴት ፊልድስ የሚባል ዝርዝር መስጠት ይቻላል፤ በውስጡ ስልክ ብቻ ቢጠቅሱ የሚጻፈው ስልክ ብቻ ነው። የተሻሻለበትን ጊዜ በራሱ የሚሞላ ዓምድ ካለዎት ግን እሱንም በዝርዝሩ ውስጥ መጥቀስዎን አይርሱ፤ ካልጠቀሱት ስልኩ ተቀይሮ ቀኑ ያው ሆኖ ይቀራል። ሃይበርኔትም ቢሆን አንድ ነገር መለወጡን ይወቅ እንጂ፣ ዳይናሚክ አፕዴት ካልተባለ በቀር ረድፉን ከነዓምዶቹ በሙሉ ነው የሚጽፈው። በፓይተን ዓለም የተለወጠውን ዓምድ ብቻ የመጻፍ ልማድ ያለው ኤስኪውኤል አልኬሚ ነው።

ለ300ዎቹ ጭነቶች ሉፑን ይተዉት። የቀድሞውን አቅራቢ የያዙ ጭነቶችን ብቻ በፊልተር መርጠው፣ በኩዌሪሴቱ (በተመረጡት ረድፎች ስብስብ) ላይ አፕዴት የሚለውን ሜተድ ቢጠሩ ሁሉም በአንድ ትዕዛዝ ይጠናቀቃሉ፤ ቀድሞውንም ትክክል የነበሩትም አይነኩም። ይህ ሜተድ ሴቭን እንደማይጠራና ሲግናሎችንም (ሴቭ ሲደረግ የሚነሡ ማሳወቂያዎችን) እንደማያስነሣ ልብ ይበሉ። በሴቭ ውስጥ የጻፉት ሒሳብ ካለ፣ ለምሳሌ የአቅራቢውን ጠቅላላ ኪሎ የሚደምር፣ ለብቻው ማስኬድ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ለአንድ የባጃጅ ማኅበር የሾፌሮችንና የመስመሮችን ምደባ እመዘግባለሁ። አንድ ሾፌር ከዚራ፣ ሳቢያን፣ ለገሃሬ፣ መጋላና ገንደ ቆሬ በሚሉ አምስት መስመሮች ላይ ተመድቦ ከነበረና ለገሃሬን ብቻ ብሰርዝ፣ ሃይበርኔት አምስቱንም አጥፍቶ የቀሩትን አራቱን እንደገና ይጽፋል። ለምን? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የሾፌሩን መስመሮች የያዙት በሊስት ነው ብዬ እገምታለሁ። በሜኒ ቱ ሜኒ (ብዙ ለብዙ) ዝምድና ያለ ቅደም ተከተል ዓምድ የተያዘ ሊስት፣ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ሊገኝበት ስለሚችል ሃይበርኔት የትኛውን ረድፍ ነጥሎ እንደሚያጠፋ እርግጠኛ አይሆንም፤ ስለዚህ የሾፌሩን በሙሉ በአንድ ዲሊት ጠርጎ አራቱን በአራት ኢንሰርት ይመልሳል። ሊስቱን ወደ «ሴት» (ድግግሞሽ ወደማይቀበለው የጃቫ ስብስብ) ይለውጡ፤ የለገሃሬ መሰረዝ አንድ ዲሊት ብቻ ይሆናል።

ይህን አድርገውም ያው ነገር ከቀጠለ ሴተሩን (ዋጋ የሚሞላውን ሜተድ) ይመልከቱ። ከድረ ገጹ ቅጽ የመጣውን አዲስ ሴት በአሮጌው ቦታ የሚተካ ከሆነ፣ ሃይበርኔት ይከታተለው የነበረው ሴት ስለጠፋበት ሁሉንም አጥፍቶ ሁሉንም ይጽፋል። አሮጌውን ሴት ሳይለቁ፣ በአዲሱ ውስጥ የሌሉትን ያውጡለት፣ የጎደሉትን ይጨምሩለት። ይህ ማነጻጸሪያ የሚሠራው በኢኩዋልስ (ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን በሚመረምረው ሜተድ) ስለሆነ የመስመሩ ክላስ ኢኩዋልስንና ሀሽ ኮድን በመስመሩ ኮድ ላይ መመሥረት አለበት፤ አለዚያ ከቅጹ የመጣው ከዚራና ከዳታቤዙ የተነበበው ከዚራ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሆኑና፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሲጻፍ በሎጉ ላይ ያገኙታል።